በባዶ እግር ወደ ቅዱስ ከትበርት

ሹመት መጣልህ ሲባል የሚያለቅስ ሰው ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ይይዘኛል። ጵጵስናን ሽሽት ዋሻ የገቡ አባቶችን ታሪክ እየሰማን ነውና ያደግነው፣ እንግሊዝ አገር ስኖር አንድ እንግሊዛዊ ጳጳስ ይህንኑ አድርጓል ሲሉኝ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ስሙ ቅዱስ ከትበርት ይባላል። በ684 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለጵጵስና መርጦት ደብዳቤም መልእክተኛም ቢላክበት ካለበት ደሴት አልወጣም አለ። በመጨረሻ የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኤግፍሪት ራሱ ከመኳንንቱ ጋር በጀልባ ተሻግሮ፣ ተንበርክኮ በእንባ ለመነው። ከትበርትም እያለቀሰ ወጣ። በ685 በፋሲካ ዕለት ዮርክ ከተማ ላይ ሲሾም፣ የሾመው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎድሮስ የቅዱስ ጳውሎስ አገር ሰው፣ ጠርሴስ የተወለደ ነበር። ያ ዘመን የምናስበውን ያህል ጠባብ አልነበረም።

ሰውየው ከመጀመሪያውም ከሰው መራቅን የወደደ ነው። በ651 በወጣትነቱ ሌሊት በጎች ሲጠብቅ መላእክት አንዲት ነፍስ ይዘው ሲያርጉ አየ፤ በኋላ ሲሰማ በዚያው ሌሊት የሊንዲስፋርኑ ጳጳስ ኤይዳን አርፎ ነበር። ሜልሮዝ ገዳም ገብቶ መነኰሰ፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ሊንዲስፋርን ተዛውሮ መነኮሳቱን መራ፤ በ676 ደግሞ ሁሉን ትቶ ፋርን በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ በዓቱን አጸና። በድንጋይና በአፈር የገነባው አጥር ከውጭ ሲያዩት ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። ውስጡን ግን ዓለቱን ቆፍሮ ዝቅ ስላደረገው፣ ቆሞ ሲጸልይ ከሰማይ በቀር የሚታየው ነገር አልነበረም። ይህን የጻፈልን ቢድ የሚባለው መነኩሴ ነው፤ የከትበርትን ገድል አንድ ጊዜ በግጥም፣ አንድ ጊዜ በዝርው ጽፎታል።

ከገድሉ ሁሉ ልቤን የሚነካው የባሕሩ ጸሎት ነው። ኤባ የምትባል እመምኔት ወደ ገዳሟ ጋብዛው በሄደ ጊዜ ሌሊት ሌሊት እየወጣ ሲጠፋ፣ አንድ መነኩሴ ተደብቆ ተከተለው። ከትበርት እስከ አንገቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ እስኪነጋ ሲያመሰግን አደረ። ሲወጣ ከውሃው ሁለት ጸጉራም እንስሳት ተከትለውት ወጡና እግሩን በትንፋሻቸው አሞቁለት፤ በጠጉራቸውም አደረቁለት። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በእኛ ስንክሳር ስሙ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የኖረውም ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ነው። ዶግማ ከዶግማ ማደባለቅ አልፈልግም። እስከ አንገቱ ባሕር ገብቶ ያደረን ሰው ግን ማክበር አልከለከልም።

ስለዚህ በሐምሌ መባቻ፣ የሐዋርያት ጾም ሳይፈታ ጉዞ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት መቃብሩ ወዳለበት ወደ ደርሃም ካቴድራል ነው። በ1093 መሠረቱ የተጣለ፣ ወንዝ በከበበው ገደል ላይ የተተከለ ትልቅ ሕንፃ ነው። ከሰሜኑ በር ገብቼ ወደ መቅደሱ ሳመራ መሬቱ ላይ አንድ ጥቁር የእብነ በረድ መስመር አየሁ። የሚያስጎበኙት ሽማግሌ እንደነገሩኝ በመካከለኛው ዘመን ሴት ከዚያ መስመር ማለፍ አትችልም ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ ከትበርት ሴት አይወድም ይባል ነበር።

እዚያ መስመር ላይ ብዙ ቆምኩ። ባሕር ዳር ያደገች ሴት ይህን መስመር ታውቀዋለች። እናቴ ወንዶቹ ክብራን ገብርኤልን ተሳልመው እስኪመለሱ ጀልባው ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ አይቻለሁ። የገዳም ሥርዓት ነው፤ እናቴም አላጉረመረመችም፣ እኔም በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የደርሃሙ ግን በሰውየው ስም የተነገረ ሐሰት ነው። ከትበርት ኤባ ጠርታው የሄደ ሰው ነው። የንጉሡ እህት እመምኔት ኤልፍሌድ ምክሩን ስትፈልግ ሌላ ደሴት ድረስ በመርከብ ሄዶ አነጋግሯታል። እመምኔት ቨርካ የላከችለትን ጨርቅ በሕይወቱ ሳይለብሰው አስቀምጦ፣ ስሞት በዚህ ከፍኑኝ ብሎ ተናዟል። ሴት የላከችውን ከፈን ለብሶ የተቀበረን ሰው ሴት ጠል ማለት ግፍ ነው። በ1083 ባለትዳሮቹን የመቃብሩን አገልጋዮች አስወጥተው የገቡት የቤኔዲክት መነኮሳት ናቸው ይህን ዝና ያጸኑት። መስመሩን ተሻግሬ ሄድኩ። ከመንበሩ ጀርባ ደረጃ ወጥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ስሙ ብቻ የተቀረጸበትን ድንጋይ ተሳለምኩ። ማንም አልከለከለኝም።

መከራዬ የተጀመረው በማግሥቱ፣ ወደ ሊንዲስፋርን ስሻገር ነው። ሊንዲስፋርን በቀን ሁለት ጊዜ ደሴት ይሆናል፤ ባሕሩ ሲጎድል መንገዱ ይወጣል፣ ሲሞላ ይሰጥማል። ከመኪናው መንገድ ሌላ፣ በረጃጅም እንጨቶች ምልክት የተደረገለት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የተሳላሚዎች የእግር መንገድ አለ። ሰው በባዶ እግሩ በአሸዋውና በጭቃው ውስጥ ይሄድበታል። ውሃ የደረሰበት ሰው ወጥቶ የሚጠለልባት የእንጨት ማማም ተሠርታለታለች። ከጥቂት ተሳላሚዎች ጋር ሆነን አንድ ሾፌር ተከራየን። ጫማችንንና ሻንጣችንን ተቀብሎ በመኪናው መንገድ ይዞ ሊጠብቀን ተስማማ። አብዛኞቹ ጫማቸውን በማሰሪያው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ፤ እኔና አንዲት አሮጊት የእኛን ለእሱ ሰጠን።

መንገዱ ውብ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ዛጎሉ ይወጋል፣ ከሩቅ የአቆስጣ ይሁን የሌላ የባሕር አውሬ ድምፅ ለቅሶ መስሎ ይመጣል። ጓደኞቼ እየዘመሩ ነበር፤ እኔም በሆዴ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ደሴቱ ስንደርስ ግን ሾፌሩ የለም። ስልኩ አይነሳም። አጠገባችን ያለው መንገድ ላይ ውሃው ቀስ በቀስ እየወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ተዘጋ። ሾፌሩ መኪናው ተበላሽቶበት እንደነበር የሰማነው ሲመሽ ነው፤ መንገዱ ሌሊት ቢከፈትም ጠዋት ነው የምመጣው አለ። ጓደኞቻችን ማደሪያ የያዙት አስቀድመው ነበርና ተበታተኑ። አሮጊቷን አንዱ ቤተሰብ ወሰዳት። ገንዘቤም፣ ልብሴም፣ ጫማዬም ማዶ ቀረ። በሐምሌ እንኳ የዚያ ባሕር ነፋስ አጥንት ይነካል።

በፈረሰው ገዳም አጠገብ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ከአጥር ውስጥ እግሬን አዩና ወጡ። ጥያቄም ብዙ አልጠየቁም፤ «ነይ ግቢ ልጄ» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ሙቅ ውሃ በሳፋ አቀረቡልኝ፤ የሟች ባለቤታቸውን የሱፍ ካልሲና የጎማ ቦቲ ሰጡኝ። እራት ሊያቀርቡ አሣ ሲያወጡ ጾም ላይ ነኝ፣ ቅቤም ወተትም አልበላም አልኳቸው። ድንችና ሽንኩርት በዘይት ጠበሱልኝ። ሽንኩርቱን እየላጡ የከትበርትን የመጨረሻ ቀናት ነገሩኝ፤ ደሴቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል።

ከሁለት ዓመት ያነሰ ጵጵስና በኋላ፣ በ686 ገና ካለፈ በኋላ ሞቱን አውቆ ወደ ፋርን ተመለሰ። ሲታመም መነኮሳት ሊጠይቁት መጥተው ሄዱ፤ ማዕበል ተነሥቶ አምስት ቀን መመለስ አልቻሉም። በተመለሱ ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ምን እየበላህ ከረምክ ቢሉት የተቀመጠበትን ልብስ ገለጥ አድርጎ አምስት ሽንኩርት አሳያቸው። ከአንዱ ግማሹ እንኳ አልተበላም። መጋቢት 20 ቀን 687 ሲያርፍ፣ ደሴቱ ላይ የነበሩት መነኮሳት ሁለት ችቦ ለኩሰው ለሊንዲስፋርን ምልክት ሰጡ። ይህ ቀን ዛሬ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 11 ላይ ይውላል።

እኔ ስለዚህ ሰው ለመናገር የምፈልገው አንድ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ከትበርት የተናዘዘው እዚያው ፋርን ላይ እንዲቀብሩት ነበር። ምክንያቱም ለራሱ ምቾት አልነበረም፤ ሊንዲስፋርን ብትቀብሩኝ ወንጀለኛና ስደተኛ መቃብሬን ሊማጸን ይመጣል፣ እናንተም ስለ እነሱ ከኃያላን ጋር ስትሟገቱ ትደክማላችሁ አለ። መነኮሳቱ ድካሙን እንቀበላለን ብለው ለመኑት፤ እሺ አለ። ምናልባት መሰደድ ከመጣባችሁ ግን አጥንቴን ይዛችሁ ሂዱ ሲል አዘዘ። ብቸኝነትን ከሁሉ በላይ የወደደ ሰው ሁለት ጊዜ ለሰው ልመና እጁን ሰጠ፤ አንዴ ለጵጵስና፣ አንዴ ለመቃብር። የእሱ ቅድስና ከባሕሩ ጸሎት ይልቅ በዚህ እሺታ ይታየኛል።

የተናገረውም ደረሰ። በ698 መቃብሩ ሲከፈት ሥጋው ሳይፈርስ ተገኘ። ለእግዚአብሔርና ለእሱ ክብር ጳጳሱ ኤድፍሪት በእጁ የጻፈው የሊንዲስፋርን ወንጌል ዛሬም ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ላይብረሪ አለ። በ793 ቫይኪንጎች ገዳሙን ዘረፉ፤ በ875 ማኅበሩ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣና ሰባት ዓመት ያህል ከቦታ ቦታ ተንከራተተ። ቼስተር ለ ስትሪት ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጡ። በ995 ደርሃም አጠገብ ሲደርሱ ሣጥኑ አልነቃነቅ አለ ይላል ትውፊታቸው። ይህን ለጥምቀት ታቦት ለሸኘ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። በኋላም ሰው ገድሎ የሸሸ ሁሉ የደርሃምን በር አንኳኩቶ 37 ቀን ከለላ ያገኝ ነበር፤ ከትበርት ፈርቶት የነበረው ድካም ይኸው ነው። በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን የመቃብሩ ጌጥ ተገፈፈ። በ1827 መቃብሩ ሲከፈት ደግሞ ከልብሱ መሐል የወርቅና የቀይ ዕንቁ የአንገት መስቀሉ ተገኘ። መስቀሉንም፣ በ698 የተሠራውን የኦክ ሣጥኑንም በደርሃም ካቴድራል ሙዚየም ውስጥ ማየት ይቻላል።

ሾፌሩ ጠዋት መጣ፤ ጫማዬንም ሻንጣዬንም አስረከበኝ። ቦቲውን ልመልስ ስሄድ ሴትዮዋ አልቀበልም አሉ።

እንግሊዝና ስኮትላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ እህቶቼ፣ ደርሃም ሂዱ። መስመሩን ተሻግራችሁ ግቡና ድንጋዩን ተሳለሙ፤ ዛሬ የሚከለክላችሁ የለም። ወደ ሊንዲስፋርንም ስትሻገሩ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ሰሌዳ አስቀድማችሁ እዩ፣ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ፣ ጫማችሁንም ከእናንተ አትለዩት።