ውዳሴ ለማያስታውሱ በሽተኛ

የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች በልባቸው የሚመኙት፣ ነገር ግን በበጀትም ሆነ በሥልጠና የማይገኝ አንድ ፍጹም በሽተኛ አለ፤ እርሱም ትናንት የተደረገበትን ዛሬ የማያስታውስ ነው። ሌላው በሽተኛ የቀረበትን መርፌ ይቆጥራል፣ የተቆጣችውን ነርስ ስም ይጠይቃል፣ ድኖ ከወጣም በኋላ በየለቅሶ ቤቱ ያወራል፤ ይህ ግን ሌሊቱን በረጠበ አንሶላ ላይ አድሮ ማለዳ ለጉብኝት ለሚመጡት ሐኪሞች ምርቃት የሚያወርድ፣ ንስሓ ሳይጠይቅ ስርየት የሚሰጥ ቡሩክ ፍጥረት ነው። ስለዚህ የዝንጋዔን ደዌ፣ ባለሙያዎቹ ዲሜንሺያ የሚሉትን፣ እንደ መቅሠፍት ብቻ የሚመለከቱ ሰዎች ለተቋማት ሰላም የሚያበረክተውን ታላቅ ጥቅም ያላስተዋሉ ናቸው።

በኮልፌ ቀራንዮ ከአጠና ተራ አንሥቶ እስከ አየር ጤና ድረስ፣ ልቡናቸው የደከመ አንድ አረጋዊ የማያውቅ እድርተኛ አይገኝም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። እስቲ ከነዚህ አረጋውያን አንዲት እናት ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኙ እንበል። ነርሷ «እማማ፣ ምሳ በሉ?» ትላቸዋለች፤ «በላሁ የኔ ልጅ» ይላሉ፤ የሚያስታውሱት ልጃቸውን ሲድሩ የበሉትን ዶሮ ይሁን ሌላ፣ የሚያጣራ የለምና በካርዳቸው ላይ «ተመግበዋል» ተብሎ ይጻፋል፣ ሳህኑም እንደ ሞላ ይነሣል። ሐኪሙ «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። በዚህች አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ እንዴት አደርህ ሲባል የሚመልሰው ይህንኑ መሆኑን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ ባይኖርም፣ ቃሉ ከሆስፒታሉ በር በገባ ጊዜ ከምስጋናነት ወደ ማስረጃነት ይለወጣል።

ሴት ልጃቸው በጀርባቸው ላይ የአልጋ ቁስል አይታ አቤት ያለች እንደ ሆነ፣ «እሳቸው እኮ ምንም አላሉም» የሚል መልስ ይጠብቃታል። እኒያው እናት በማግሥቱ «ሌሊት እጄን አሰሩኝ» ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ፣ «ጃጅተዋል፣ የሚሉትን አያውቁም» ይባላል። አንዲት ምስክር ስታመሰግን የታመነች፣ ስትከስ አእምሮዋን የሳተች ትሆን ዘንድ የሚፈቅድ ይህ የዳኝነት ረቂቅ ከፍትሐ ነገሥት ሊቃውንት ተሰውሮ የኖረ ነው። ይባስ ብሎም እናቲቱ በድንገት ሌሊት ሲቃዡ፣ ልጃቸውንም ሳያውቋት ሲቀሩ፣ «እርጅና ነው» የምትል አንዲት ቃል ሐኪሙን ከብዙ ድካም ታድነዋለች፤ ምንም እንኳ የሕክምና ትምህርት፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መቃዠት ብዙ ጊዜ ከኢንፌክሽን፣ ከውኃ ጥም፣ ከሽንት መታገት ወይም ከአዲስ መድኃኒት የሚነሣ፣ ሊታከምም የሚችል መሆኑን ቢያስረዳም። ድንገት መምጣቱን የምታውቅ፣ ባለፈው ሳምንት እንዴት እንደ ነበሩ ያየች አስታማሚዋ ናት፤ እርስዋ ደግሞ የጠያቂ ሰዓት አልቋል ተብላ በጥበቃ ወደ ውጭ ተሸኝታለች።

መጽሐፈ ሲራክ ልቡናው የጎደለበትን አባት ልጁ እንዲታገሠው መምከሩ እውነት ነው፤ ቅሬታ ሰሚው ግን ትዕግሥቱን ከአባት ወደ ሆስፒታሉ አዛውሮ «ታገሺ እንጂ እኅቴ» ይላታል። አልታገሥም ካለች ባለጉዳይዋ አንቺ አይደለሽምና ውክልና አምጪ ትባላለች። ውክልና ለመስጠት እናቲቱ በውልና ማስረጃ ቀርበው፣ ማን እንደ ሆኑና ምን እንደሚፈርሙ ዐውቀው መፈረም አለባቸው፤ ይህ የማይሆን ከሆነ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ መንገድ ከፍቷል፤ ይኸውም ፍርድ ቤት በሽተኛውን ከልክሎ አሳዳሪ እንዲሾምለት መጠየቅ ነው። ሕጉ ይህን አቤቱታ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ብቻ ሳይሆን በሽተኛው ራሱ ጭምር እንዲያቀርብ ስለ ፈቀደ፣ በሰው ልቡና ላይ ያለውን የማይናወጥ ተስፋ ሳላደንቅ አላልፍም። መዝገቡ ተከፍቶ፣ ተቀጥሮና ተወስኖ እስኪያልቅ ድረስ ግን ቁስሉ ወይ ድኗል፣ ወይ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል፤ በሁለቱም መንገድ ቅሬታው ተፈትቷል።

በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከዝንጋዔ ደዌዎች አንዱ በስሙ የሚጠራለት አሎይስ አልዛይመር በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት በሽተኛ የአሳማ ሥጋና አበባ ጎመን ስትበላ አገኛትና ምን እየበላሽ ነው ብሎ ቢጠይቃት፣ ቆስጣ ነው ብላ መለሰችለት። ሐኪሙ የአፏን ቃል ጻፈ፤ በሳህኑ ላይ ያለውንም ጻፈ፤ የእኛ ካርድ ጸሓፊዎች ይህን አድካሚ ሥርዓት ሁለተኛውን ክፍል በመተው አሻሽለውታል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ እዚሁ በክፍለ ከተማችን በዘነበ ወርቅ፣ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎች ሥጋ ደዌን እንዲማሩበት አለርት የተባለው ማዕከል በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ያ ደዌ ነርቭን ስለሚያደነዝዝ በሽተኛው እግሩን እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውምና፣ ሙያውን የተማረ ሰው አመመህ ወይ ብሎ በመጠየቅ አያበቃም፤ እግሩን አገላብጦ ያያል። አላመመኝም ያለውን እግር ሳያይ ደኅና ነው ብሎ የሚፈርም ቢገኝ ሰነፍ ይባል ነበር፤ አላስታውስም ያለውን አእምሮ ሳያጣራ የሚፈርመው ግን በትጋቱ ይመሰገናል።

ይህ ሁሉ ጥብቅ ሥርዓት በአንዲት መስኮት ብቻ ሲላላ አይቻለሁ፤ እርስዋም የገንዘብ መክፈያዋ ናት። በዚያች መስኮት እናቲቱ የላብራቶሪ ምርመራውን ያስታውሱታል ወይ ተብለው አልተጠየቁም፤ ልጃቸውም ውክልና አምጪ አልተባለችም፤ ስሟ ተጠርቶ፣ ሒሳቡ ተነግሯት፣ ደረሰኝ ተቈርጦላታል። እንግዲህ የምጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም፤ ለገንዘብ ያዡ በቂ ሆና የተገኘችው ልጅ ለቅሬታ ሰሚውም በቂ ትሁን፣ የምትናገረውም ከእናትየዋ «ተመስገን» ጎን በካርዱ ላይ ይጻፍ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ፍትሕ በሁለቱም መስኮት እኩል ይዋልና፣ ክፍያውም ባለጉዳይዋ ራሳቸው እስኪያስታውሱት ድረስ ይጠብቅ።