ሎሚ ቢሆንማ ተካፍለን በተሸከምነው

«አንድ ኮምፒውተር ካቃተው ሺህ ደርድሩለታ!»

ደርድረናል ወንድሜ! ያስቸገረን ሥራው አልከፋፈል ማለቱ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አልተባለም?»

ተብሏል፤ ለግማሹ ሥራም በትክክል ይሠራል። ስፒን የሚባሉ ጥቃቅን የኳንተም ማግኔቶች በሰልፍ ቆመው፣ ለእያንዳንዳቸው በዕጣ የወጣ መግነጢሳዊ መስክ ሲደርሳቸው፣ አንድ ዕጣ አስልቶ «ነገሩ ይሄ ነው» ማለት አይቻልም። በመቶና በሺህ የሚቆጠር ዕጣ ወጥቶ አማካዩ ይታያል። ይሄ ሎሚ ነው፤ አንዱ ፕሮሰሰር የድርሻውን ዕጣ ይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይጨርሳል። መከራው ሰልፉ 26 ስፒን ሲደርስ፣ የአንዱ ዕጣ የኃይል ማትሪክስ ብቻውን አንድ ማሽን አልበቃው ሲል ነው።

«26 ስፒን ደግሞ ምን አላት?»

ቁጭ በልና አብረን እንቁጠር። ግማሾቹ ወደ ላይ፣ ግማሾቹ ወደ ታች የሚሆኑበትን አሰላለፍ ብቻ ብንወስድ 10,400,600 ይመጣል። ማትሪክሱ ሙሉውን ይጻፍ ከተባለ 865 ቴራባይት ገደማ ይፈጃል።

«አብዛኛው ዜሮ ነው፤ ዜሮውን ተዉት!»

ትተነዋል! ግን የምንፈልገው በኃይል እርከኖቹ መሃል ላይ የተጨናነቁትን ሁኔታዎች ነው። እነሱ ጋ ለመድረስ ማትሪክሱን ስንፈታው፣ ባዶ የነበረው ቦታ በቁጥር ይሞላል። ሜሞሪው የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ማሽኖቹም ቁጥር ሲቀባበሉ ጊዜያቸው ይሄዳል። የፊዚክስ ተመራማሪዋ ፍራንቼስካ ፒየትራካፕሪናና ባልደረቦቿ በ2018 ባወጡት ጥናት 26 የደረሱት ይህንኑ ፍቺ ለብዙ ፕሮሰሰሮች አከፋፍለው ነው። እኔ ይሄን ሥራ ከማንኛውም የፍጥነት ክብረ ወሰን አስበልጣለሁ።

«ታዲያ ሁለት ስፒን መጨመር ይከብዳል?»

28 ስትል 40,116,600 ነው። ሁለት ብቻ ጨምረህ አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው!

«ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?»

የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ አንደርሰን በ1958 ዝብርቅርቅ ባለ ቁስ ውስጥ የኳንተም ሞገድ መሰራጨቱን ትቶ ባለበት ሊቀር እንደሚችል አሳየ። ስፒኖቹ እርስ በርስ ሲነካኩስ? የመነሻ ሁኔታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ ወይስ ውለው አድረው ይረሱታል? ይህ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በአጭር ሰንሰለት የታየው ሰንሰለቱ ሲረዝም ሊለወጥ ይችላላ!

«ሃያ ስፒን ካያችሁ የቀረውን መገመት ነው።»

አንተ ገምት። እኛ ሜሞሪ ካገኘን 28ኛዋን እናሰላለን።