የጅግራ ጎጆ

በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሀል አንዲት ጅግራ ነበረች። ከእናቷ የወረሰችው ሰፊ ግቢ አላት፤ ካርታውም በእጇ ነው። ልጇ ግን የጃርት ተከራይ ናት፤ ጃርት ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል። ልጅቷ "እንቁላል ልጥል ደርሻለሁ፤ የት ልውደቅ?" ብላ ብታለቅስ፣ እናት "ጓሮዬ ጦሙን ያድራል፤ አንዲት ሰርቪስ ቤት እቀልስልሻለሁ" አለቻት።

የጫካው እንስሳት አዲስ አበባን ቁልቁል እያዩ የሚኖሩ ናቸውና የሕንፃ አዋጅን ከከተማው ቀድተዋል። ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት ክልክል ነው። ጅግራም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

"ካርታ፣ የፕላን ስምምነት፣ ንድፍ" አለቻት ኤሊ፣ በመስኮቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ። ሁሉን አሟልታ ስትመለስ ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች፦ "ሲስተም የለም እህቴ፤ ሰኞ ተመለሺ።" ሰኞ ደግሞ ኃላፊው ዝንጀሮ ስብሰባ ላይ ነው። ጦጣ በር ላይ ጠብቃ "እመት ጅግራ፣ የሻይ ካልሽ እኔ አስጨርስልሻለሁ" አለቻት። "በገዛ ጓሮዬ?" ብላ አለፈቻት።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ቀያሹ ቀበሮ መጣ። "ከአጥሩ ያለውን ርቀት እንድለካ አራቱን ማዕዘን ችካል ትከዪ" አላት። ተከለች። ለካና "ሲፈረም እንጠራሻለን" ብሎ ሄደ።

ክረምቱ አለፈ። ልጅቷ እንቁላሏን ሜዳ ላይ ጣለች። ከአጥሩ ማዶ ፍልፈል፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በጨረቃ ሦስት ክፍል ቆፍሮ ሁለቱን አከራየ።

መስከረም ላይ ዘመቻ ታወጀ፦ ሕገወጥ ግንባታ ይፍረስ! ደንብ አስከባሪዎቹ ጅቦች አድራሻ ቢጠይቁ ኤሊ የአመልካቾችን ፋይል አወጣችላቸው፤ ሌላማ አድራሻ ከየት ታምጣ! ጅቦቹም ጅግራ ግቢ ገብተው ችካሎቹን ይነቅሉ ጀመር።

"ፈቃድ ላወጣ ብዬ እኮ ነው የተከልሁት!"

"ፈቃዱስ?"

"እናንተው ዘንድ ነው።"

"እንግዲያው የለሽማ!"

"የፍልፈልንስ ለምን አታፈርሱም?"

"ፍልፈል?" አሉ ጅቦቹ እርስ በርስ እየተያዩ። "መዝገባችን ላይ እንዲህ የሚባል የለም።"

ያን ማታ ሚዳቋ፣ ጥንቸል፣ ሽኮኮ፣ ፋይሉ ኤሊ ዘንድ የከረመበት ሁሉ፣ መቆፈር ሊማር ፍልፈል ደጅ ተሰለፈ። ጅግራም ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።

በዓመቱ ዝንጀሮ በአዳራሹ ሪፖርት አቀረበ፦ "ዘንድሮ አንድም የግንባታ ፈቃድ ጠያቂ አልመጣም። የቤት ችግር ተፈቷል!" ጭብጨባው ሳይበርድ ወለሉ ጓ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ለካ ከሥሩ በየሌሊቱ የተቆፈረ አንድ ሰፈር ሙሉ ቤት ኖሯል። ዝንጀሮ ወንበሩን እንደያዘ "አሁኑኑ ይጠገን!" ብሎ ጮኸ።

ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች። "ለእድሳትም ፈቃድ ያስፈልጋል ጌታዬ። ካርታዎትን ይዘው ሰኞ ይምጡ።"