በየአገሩ የተበተኑ የክፍል ጓደኞች ግሩፕ፦ ባሕርዩ፣ ሰዓቱና ሐዘኑ

በዚህ ሐተታ «ግሩፕ» የሚባለው፣ በአንድ ዘመን በአንድ ትምህርት ቤት ተምረው ኋላ ከፊሎቹ አዲስ አበባ የቀሩ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ስቶክሆልምና ወደ ሜልቦርን የተበተኑ ሰዎች በቴሌግራም ላይ የሚያቋቁሙት፣ የተጻፈ ደንብ ባይኖረውም አባላቱ ደንብ ተጣሰ እያሉ ዘወትር የሚካሰሱበት ማኅበር ነው። መሥራቹ «አድሚን» ይባላል። አድሚን ሰው የማስገባት፣ የማስወጣትና የሌላውን መልእክት የመሰረዝ ሥልጣን ያለው አባል ሲሆን፣ ሥልጣኑን ሲጠቀም አምባገነን፣ ሳይጠቀም ሲቀር ቸልተኛ ስለሚባል፣ ለሹመቱ የሚሻማ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ሊቃውንት ስለ ወዳጅነት የጻፉት ለዚህ ማኅበር ብዙም አይመችም። አርስቶትል ኒቆማካዊ ሥነ ምግባር ከተባለው ሥራው ዐሥር መጻሕፍት ሁለቱን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን፣ ለወዳጅነት ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ሰዎች አብረው ጨው ሳይበሉ እንደማይተዋወቁ፣ መለያየቱ ከረዘመም ወዳጅነቱ ራሱ እንደሚረሳ ጽፏል። ጨዉ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በሚሸጠው ሳምቡሳ አማካይነት ቀደም ብሎ ስለተበላ የመጀመሪያው መስፈርት ተሟልቷል ማለት ይቻላል፤ የሁለተኛው ነገር ግን ያከራክራል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ሮቢን ደንባር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1992 የጦጣና የዝንጀሮ ዝርያዎችን አንጎል ከመንጋቸው ብዛት ጋር አነጻጽሮ፣ አንድ ሰው በቅጡ አውቆ ሊይዛቸው የሚችላቸው ሰዎች ወደ 150 እንደሚጠጉ ገመተ፤ ቴሌግራም ደግሞ በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል። የክፍል ጓደኞች ግሩፕ ከሁለቱም ወሰን በታች ሆኖ ሳለ፣ «ይቅርታ፣ ይሄ ቁጥር የማን ነው?» ሳይባል የሚያልፍበት ወር የለም።

የግሩፑ ዋና ሥራ ሰላምታ ነው። ሰላምታው የሚቀርበው ጽጌረዳ፣ የቡና ሲኒና «መልካም ቀን» የሚል ጽሑፍ በአንድነት በሚታዩበት ሥዕል ሲሆን፣ ሥዕሉን ራሱ የሠራው አባል የለም፤ ሁልጊዜ ከሌላ ግሩፕ «ፎርዋርድ» የተደረገ፣ ማለትም ላኪው ጣቱን ከማሳረፍ በቀር ያልደከመበት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከምድር መዞር ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በክረምታቸው ገና ያለፈው ቀን ምሽት 5 ሰዓት፣ ሜልቦርን ደግሞ ምሳ ተበልቶ ያለቀበት ጊዜ ስለሆነ፣ «እንዴት አደራችሁ» የሚለው ቃል አንዱን ገና ሳይተኛ፣ ሌላውን አድሮ ውሎ ያገኘዋል። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ «ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንገናኝ» የተባለ እንደሆነ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ቅዳሜ ይደርሳል፤ ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላኛው 3 ሰዓት ገብቶ፣ ሌላው ቀረ ብሎ ይወጣል።

ከአባላቱ የሚበዙት አንብበው ዝም የሚሉ ናቸው። ቴሌግራም በትንንሽ ግሩፖች ውስጥ አንድን መልእክት እነማን እንዳዩት ላኪው ለ7 ቀን እንዲመለከት ስለፈቀደ፣ «ስልኬ ተበላሽቶ ነው» የሚለው ጥንታዊ ማመካኛ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ያም ሆኖ ዝምተኛው አባል ከግሩፑ አይወጣም። የሚወጡት ተናጋሪዎቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ፖለቲካ ወይም አርሴናል ነው። «እገሌ ከግሩፑ ወጣ» የሚለው አጭር ማስታወቂያ በታየ ቅጽበት አገሩ ሁሉ ይታወካል፤ ዱባይ ያለው ይደውላል፣ ስቶክሆልም ያለችው «ኧረ ምን ነካችሁ» ትላለች፣ በመጨረሻም ሦስት ሰዎች ሽምግልና ይላካሉ። ሽማግሌዎቹ ከሦስት አህጉር ሆነው በአንድ የስልክ መስመር ተሰብስበው፣ የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ ወደ ቴሌግራም እንዲመለስ ይለምናሉ። እሱም ለወጉ ያህል «ለእናንተ ስል ነው» ብሎ ይመለሳል፤ በማግሥቱም ጽጌረዳ ይልካል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ማኅበሩ ከሰላምታና ከኩርፊያ በቀር ሥራ የሌለው ሊያስመስለው ይችላል፤ የሞት ወሬ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። መርዶ ማለት የሞት ወሬ ለቤተሰብ የሚነገርበት ሥርዓት ሲሆን፣ በአገሩ ልማድ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ባለጉዳዩ ከቤት ሳይወጣ ደርሶ ያረዳዋል። እንግዲህ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የአንዲት አባል እናት አዲስ አበባ ላይ ያረፉ እንደሆነ፣ ወዲያው ሁለተኛ ግሩፕ ይከፈታል። አባላቱ የመጀመሪያው ግሩፕ አባላት በሙሉ ናቸው፣ ከእሷ በቀር። ስም ሊያወጣለት የሚደፍር ስለሌለ አንድ ነጥብ ብቻ ይጻፍበታል። በዚህ ግሩፕ ውስጥ ሥዕል አይላክም። ለቤቷ የሚቀርበው ማን ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ነው ወይስ አሌክሳንድሪያ ያለችው፣ አብራት የምትኖረው ልጅ ሰምታ እንደሆነ፣ ሥራ የምትገባው በስንት ሰዓት ነው፣ ፌስቡኳን ከፍታ ከዘመድ ገጽ ላይ እንዳታይ ምን ይደረግ፣ ነጠላ ማን ይይዛል፣ ቡናውን ማን ያፈላል የሚለው ሁሉ በየተራ ይነሣና መልስ ያገኛል። ዓመት ሙሉ አንብቦ ዝም ያለው አባል «እኔ መኪና አለኝ፣ ሁላችሁንም እየዞርኩ አነሣለሁ» ብሎ የሚጽፈው እዚህ ላይ ነው። የመገናኛው ሰዓትም፣ በማኅበሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሐበሻም በፈረንጅም ተጽፎ ይገኛል።

ለተመራማሪ ይበልጥ የሚያስገርመው በዚያው ሌሊት በመጀመሪያው ግሩፕ ውስጥ የሚሆነው ነው። ሰላምታው ድንገት የቀረ እንደሆነ ልጅቱ ትጠረጥራለችና፣ ጽጌረዳው እንደወትሮው መላክ አለበት፤ የዘወትሩ ላኪ እጁ አልታዘዝ ካለው፣ ከወር በፊት «እባካችሁ ይሄን አበባ አቁሙልን» ብሎ የተቆጣው ሰው ራሱ ይልከዋል። እሷም ምንም ሳታውቅ የሳቅ ምልክት ትመልስለታለች፤ ያን ምልክት አርባ ሰው ያያል፣ አንድም ሰው አይጽፍም።

ከተረዳች በኋላ የሚከተለው የታወቀ ነው። «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ይርሐማቸው»፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚሉ መልእክቶች ይደረደራሉ፤ አዲስ አበባ ያሉት ቀብር ውለው ለቅሶ ቤት ይቀመጣሉ፤ የመዋጮው ዝርዝር እያንዳንዱ ስሙን እየጨመረ መልሶ እየለጠፈው በብር፣ በዶላር፣ በድርሃምና በክሮኖር ይረዝማል። ስሙን አስፍሮ የገንዘቡን ልክ ባዶ የሚተው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ማንነቱ በየግሩፑ የታወቀ ስለሆነ እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም። ግሩፑ ከእድር የሚለየው ድንኳንና ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ነው። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ግን ስለ ፖለቲካና ስለ አርሴናል የተቋረጠው ክርክር ከቆመበት ይቀጥላል።

ነጥብ የተጻፈበትን ግሩፕ የሚዘጋው ሰው አይገኝም። በዚህም ምክንያት ዕድሜው የገፋ የክፍል ጓደኞች ማኅበር አንድ ግሩፕ ሳይሆን ብዙ ግሩፖች ይኖሩታል፤ በእያንዳንዱም ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይጎድላል። ስለሆነም ጓደኞቹ ሁሉ ያሉበት፣ እሱ ግን የሌለበት ግሩፕ መኖሩን የደረሰበት አንባቢ፣ ግሩፑ መቼና ለምን እንደተከፈተ ሳያጣራ እንዳይቀየም ይመከራል።