ሊሎንግዌ ሜዳችን ከሆነ አክሪንግተን ሰፈራችን ነው

«ዳባት ሥራ ጠፍቶ ነው እንግሊዝ የወረድከው?» ይሉኛል። የወረድኩት በላፕቶፕ ነው። ፓስፖርት አላወጣሁም፣ ኤምባሲ ደጅ አልጠናሁም፤ ብቻ ማታ ማታ መብራት ከመጣ አክሪንግተን ስታንሊ የሚባል ክለብ አሰለጥናለሁ። ጌሙ ፉትቦል ማናጀር ይባላል። ኳሷን የምትመታው አንተ አይደለህም፤ አንተ የሚመታውን ትመርጣለህ፣ ታሰልፋለህ፣ ታስፈርማለህ፣ ትሸጣለህ፣ ገንዘብ ጨምሩልኝ ብለህ ቦርድ ትለምናለህ፣ ጋዜጠኛ ያፋጥጥሃል፤ አልሆን ሲል ደግሞ ትባረራለህ። ደመወዝ የለውም። መባረሩ ግን የእውነት ያማል።

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል የዳባት ሰው የለም። ብርድ ያለበት አገር ሰው እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ እሳት ዳር የተሰበሰበ ሰው ደግሞ ምላሱ አይበርደውም። ነገሩን የጀመሩት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ናቸው።

«ማንቸስተር እያለ፣ አርሰናል እያለ፣ ይኼን ስሙ ለአፍ የማይመች ክለብ ምን ብለህ ያዝከው?»

«አያ፣ አንቱስ ስንት ሙሉ ሱፍ እያለ የኔን ብጣሽ ሱሪ ምን ብለው ይጥፋሉ?»

«የሚመጣልኝ እሱ ነዋ!»

«ለኔም የመጣልኝ እሱ ነው።»

አንዱ የጎንደር ልጅ ደግሞ ላፕቶፔን እያገላበጠ፣ «ጌሙ ኦሪጅናል ነው?» አለኝ። ዳባት ውስጥ ኦሪጅናሉ ብርዱ ብቻ ነው ብዬ አሰናበትኩት።

ስለ ክለቤ ትንሽ ልንገራችሁ፤ እንደ ተጫዋቾቼ ሁሉ ታሪኩም ጉዳት ይበዛዋል። አክሪንግተን ከማንቸስተር በስተሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሜዳው ቢሞላ ከ5 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነው የሚይዘው። ክለቡ የሚጫወተው ሊግ ቱ ነው፤ ከላይ ሲቆጠር አራተኛው እርከን መሆኑ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ከኛ ቀድመው ተርበውታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቴሌቪዥን አንድ የወተት ማስታወቂያ ወጣ። አንድ ልጅ ወተቱን እየጠጣ፣ የሊቨርፑሉ ኢያን ራሽ «ወተት ካልጠጣህ ከአክሪንግተን ስታንሊ አታልፍም» እንዳለው ለጓደኛው ያወራል። ጓደኛው «እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?» ሲለው፣ «ነገሩማ እሱ ነው!» ብሎ ይደመድመዋል።

እንዲህ ነው ተረብ! ግን እዩልኝ፤ ይህ ሲነገር የድሮው ክለብ ከሊጉ ከወጣ 27 ዓመት አልፎታል። በዕዳ ተይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1962 ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ወር እኛ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ ተቀብሏል። እነሱ ከሊግ ወጡ፤ እኛ አህጉር ያዝን። ከዚያስ? እነሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ክለቡን እንደገና አቋቋሙት፤ ከታች ተነስቶ እየዳኸ በ2006 ሊጉን ተቀላቀለ፣ በ2018 የሊግ ቱን ዋንጫ አነሳ። እኛ የ1962ቱን ዋንጫ እስከ ዛሬ እየወለወልን ነው። አሁንስ ከመወልወል ብዛት ሳስቷል።

ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ያሉት ልጆች ግን ታሪክ አይሰሙም። አንዱ የአርሰናል ማሊያ ለብሶ፣ እጁ ላይ የቤቲንግ ቲኬት ይዞ መጣብኝ።

«አራተኛ እርከን! እኔ ብሆን አፍር ነበር።»

«አርሰናልን ታውቀዋለህ፤ አርሰናል ግን ያውቅሃል? እኔን የአክሪንግተን ቦርድ በስሜ ጠርቶ ነው የሚያስፈራራኝ።»

ቤቱ ሳቀ። ልጁ ግን የዋዛ አልነበረም።

«አንተ እኮ ሠርግ ተጠርተህ ‹ሙሽራዋ በውሰት ናት ወይስ በቋሚ ዝውውር?› የምትል ሰው ነህ!»

«አንተ ደግሞ ‹ይፋታሉ ኦዱ ስንት ነው?› ብለህ ድንኳኑ በር ላይ ቲኬት የምትቆርጥ!»

«ለቅሶ ቤት ገብተህ ‹ተቀያሪ አላዘጋጃችሁም እንዴ?› የምትል!»

«አስከሬን ሲወጣ ‹ቫር ይታይልን!› ብለህ የምታስመልስ!»

እዚህ ላይ ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የመግቢያ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። ተረብ በነፃ የሚታየው እስከ እረፍት ብቻ ነው አሉ።

አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ደግሞ በስልክ ነው የሚነካካኝ። «እዚያ ኔትወርክ እንኳ ሳይኖር ምን ዓይነት ጌም ነው የምትጫወተው?» አለኝ። ወንድሜ፣ ይኼ ጌም ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ለኛ አገር የተሠራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘኝ የነበረው የአክሪንግተን ቡድን ሐኪም ብቻ ነው። በየቀኑ መልእክት ይልክልኛል፤ የመሐል ተከላካይህ ጉልበቱን ታሟል፣ ስድስት ሳምንት ያርፋል ይለኛል። እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ደህና ነህ ወይ ያላችሁኝ ስንት ጊዜ ነው?

የባሰው ግን የመጣው ከጎንደር ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ የፋሲል ደጋፊ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ሻርፕ አልብሶታል።

«የራስህን ከነማ ትተህ የፈረንጅ ታሰለጥናለህ? አታፍርም?»

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ስዩም ከበደ ዋንጫውን ሲያነሳ ከዳባት የጮኽነው ጩኸት 75 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጎንደር ሳይደርስ አልቀረም። ግን ከዚያው ዓመት ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ በዲ ኤስ ቲቪ ሲተላለፍ ለዓመታት ቆየ። ጎንደሬው ራሱ ቡድኑን ያይ የነበረው አጼ ፋሲለደስ ስታዲየም ገብቶ ሳይሆን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነው።

«ስለዚህ ጌታው፣» አልኩት፣ «ፋሲልም በስክሪን፣ አክሪንግተንም በስክሪን። ልዩነቱ አንተ በረኛህን ስትሰድብ አይሰማህም፤ የኔ ግን ሞራሉ ሲወርድ እዚያው ይታየኛል።»

«ቢሆንም የአገር ነው! አገር አገር ነው! ሜዳችን፣ አፈራችን!»

ይኼን ስጠብቅ ነበር። «ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው የት ነው?»

«በሜዳችን ነዋ!»

«ሜዳችን የት ነው?»

ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። የዚያን ቀን ሜዳችን ማላዊ ነበር፤ ሊሎንግዌ። ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም ተብለው ዋሊያዎቹ ባለሜዳ የሆኑት ሰው አገር ሄደው ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ እኛ ዳባት ሆነን «በሜዳችን ማን ይችለናል!» ስንል ነበር። ታዲያ ሊሎንግዌ ሜዳችን ከሆነ አክሪንግተን ሰፈራችን ቢሆን ምን ይገርማል? እስከ ዳባት ድረስ ሾፌሩ አልመለሰልኝም። ስወርድ ግን ሒሳብ ጨመረብኝ።

እናቴን ግን እስከ ዛሬ አላሸነፍኳትም።

«ይኼ ነገር እንጀራ ይሆናል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ አዘርባጃን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የ21 ዓመት ተማሪ ይኼንኑ ጌም ተጫውቶ፣ ቩጋር ሁሴይንዛደ ይባላል፣ የባኩን ክለብ ሁለተኛ ቡድን ምራ ተብሎ ተቀጥሯል።»

«እሰየው። ሌላስ?»

«ዊል ስቲል የሚባል ልጅም ይኼን ጌም ሲጫወት አድጎ የፈረንሳዩን ሬምስ አሰልጥኗል። ፈቃዱ ስላልተሟላ ክለቡ በየጨዋታው 25 ሺህ ዩሮ ይቀጣ ነበር፤ ይቀጡናል ግን አንለቀውም አሉ።»

እናቴ ረከቦቱን አስተካከለች። «አየህ፣ እሱን የሚቀጡለት አሉ። አንተን የዕድር መዋጮ ያላወጣህ ጊዜ የተቀጣሁልህ እኔ ነኝ። ተነስና ከሰል አምጣ።»

ተነስቼ አመጣሁ። ቦርድ ቦርድ ነው።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ጌም የሚያስቀናኝ አንድ ነገር አለ። የግራ ተከላካዬን ስም ስነካ ከሠላሳ በላይ ቁጥር ይዘረገፍልኛል፤ ሁሉም ከ20 የሚታረም። ፍጥነቱ 13፣ ማሻማቱ 9፣ ቆራጥነቱ 15። ጠባዩ፣ የተወለደበት ቀን፣ የቱ እግሩ እንደሚሻል። ይኼ እኮ ትውልድ አገሩ እንኳ በወጉ የማያውቀው ልጅ ነው! የሚመዘግቡት በየአገሩ ያሉ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የየክለቡ ደጋፊዎች። መዝገቡ ከመጥራቱ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2008 የእንግሊዙ ኤቨርተን ተጫዋች ለመመልመል ልጠቀምበት ብሎ ተዋዋለ። ከልጆች መጫወቻ ላይ!

«ቁጥሩ ይዋሻል» ይለኛል የስፖርት መምህሩ ወዳጄ። እውነቱን ነው። በድሮው ጌም ቼርኖ ሳምባ የሚባል ጋምቢያ የተወለደ የሚልዎል ታዳጊ ያልገዛው አሰልጣኝ አልነበረም፤ ጎል ያዘንብ ነበር። በእውነተኛው ዓለም ለሚልዎል ዋናው ቡድን አንድ ጨዋታ ሳይሰለፍ ሄደ። ይዋሻል፤ ግን ለቼርኖ የሚዋሽለት ሰው ነበረው። ለኛ ልጆች የሚዋሽላቸውም የለ።

ዳባት ደግሞ መመዝገብ ብርቅ ሆኖባት አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በወረዳችን ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ሲቆጥረን ኖሯል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከየትኛው ቀበሌ ወደየትኛው ሄደ፤ ሁሉም ተጽፏል። ዝውውራችን በሙሉ ተመዝግቧል፤ የቀረን የፊርማው ገንዘብ ነው። የጤና ምርምር ነውና የልጆቻችንን ግራ እግር የመመዝገብ ግዴታ የለበትም። ግን የማን ግዴታ ነው?

ምክንያቱም ግራ እግር አለ፤ አይቻለሁ። ገበያ በሌለበት ቀን ሜዳው ላይ ልጆች ድንጋይ አቁመው ይጫወታሉ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እኛ ዳገት ስንወጣ የምንተነፍሰውን አየር እነሱ ሲሮጡ አይፈልጉትም። አንዱ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ በግራ መስመር ሁለቱን አልፎ ወደ ውስጥ አሻማ፤ ኮንጎው አብሮ ወጣ። ኳሷ ከድንጋዩ ውጭ አለፈች፣ ጫማው በድንጋዮቹ መሐል ገባ። ከዚያማ ክርክር ነው! በረኛው «እኔ የያዝኩት ኳስ ነው፤ ጫማ የኔ ሥራ አይደለም» አለ። ዳኛው ከሁሉም ተለቅ ያለው ልጅ ነበር፤ ጥቂት አሰበና ጎሉን አጸደቀው። ቫር ቢኖር እንዲህ ያለ ፍርድ አይሰጥም።

እኔ ግን ለልጁ ማሻማት 16 ሰጠሁት። ለኮንጎው 17።

ያን ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ለአክሪንግተን ኢትዮጵያዊ ላስፈርም ፈለግኩ። ከአፍሪካ ጌሙ አሰልጥኑበት ብሎ የሚያቀርበው የደቡብ አፍሪካን ሊግ ነው፤ የኛ የለም። ቢሆንም አንድ አገኘሁና ውል አቀረብኩ። የሥራ ፈቃድ ተከለከለ! እንግሊዞቹ ከብሬግዚት ወዲህ የውጭ ተጫዋች በነጥብ ነው የሚያስገቡት፤ የብሔራዊ ቡድንህ ደረጃ ዝቅ ካለ ነጥቡ በቀላሉ አይሞላልህም። በማግስቱ ለልብስ ሰፊው ነገርኳቸው።

«በጌምም ቪዛ ከለከሉን?»

«አዎ አያ።»

«አድራሻችን ጠፍቷቸው ይሆናል። ሊሎንግዌ ደውለው ጠይቀዋል?»

ይኼን ያህል ከተተረብኩ በኋላ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ዳባትም ሆነ ደባርቅ፣ በግራ እግሩ የሚያሻማ ልጅ የምታውቁ ሰዎች፣ ስሙን፣ ቀበሌውንና የተወለደበትን ዓመት ደብተር ላይ ጻፉልኝ። ፍጥነቱን ከፈለጋችሁ ጨምሩ፤ ዕድሜውን ግን አትቀንሱ።