ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል

ድርጅቶቻችን የደንበኛን ሐሳብ አይሰሙም የሚል ሰው ምላሱን ይሰብስብ። ሣጥኑ ግድግዳ ላይ አለ፣ የቴሌግራም ቻናሉ አለ፣ የፌስቡክ ገጹ አለ። መካነ ሰላም ውስጥ አንድ የአገልግሎት መስጫ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ሣጥን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። ጓጉንቸሩ ዝጓል፣ በሲባጎ የታሰረው እስክሪብቶ ቀለሙን ጨርሷል፣ ከላይ ግን «አስተያየትዎ ሀብታችን ነው» ይላል። ሀብትማ እንዲህ ተቆልፎ ነው የሚቀመጥ!

እኔን የሚያስደንቀኝ አመራረጡ ነው። የደቡብ ወሎ ቦረና ገበሬ አውድማ ላይ መንሹን አንስቶ ሲያዘራ ገለባውን ለነፋስ፣ ፍሬውን ለጎተራ ያደርጋል። አልሠለጠነም። የደንበኞች ግንኙነት ክፍል ግን ነገሩን አዙሮታል፤ ፍሬው ይበንናል፣ ገለባው ተለቅሞ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይሆናል።

አንዱ እስቲ «በገበያ ቀን ወረፋው አንገላታን፤ አንድ መስኮት ጨምሩልን» ብሎ ይጻፍ። ደቂቃ ሳይሞላ «ውድ ደንበኛችን፣ ስላገኙን እናመሰግናለን፤ ስልክ ቁጥርዎን በውስጥ መስመር ይላኩልን» ይባላል። ይልካል። ጉዳዩም «ለሚመለከተው ክፍል» ይተላለፋል። (ይህ ክፍል የአገሪቱን ጉዳይ ሁሉ ተሸክሞ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም።) ሐሳቡ በየርዕሱ ሲደለደል መስኮቱ «የቅርንጫፍ ገጽታ» ከሚለው ሥር ይገባል፤ በዓመቱ ግድግዳው ቀለም ይቀባል። ወረፋው ያው ነው፣ ሰው የሚሰለፈው ግን ባማረ ግድግዳ ሥር ነው። «ግሩም አገልግሎት፣ በርቱ!» ያለው ደንበኛ በአንጻሩ ማንም ክፍል ሳይመለከተው በዚያው ቀን ገጹ ላይ ይለጠፋል።

ሞኞቹ ፈረንጆች ናቸው። ስታርባክስ፣ ያ በቡናችን ስም እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ሲከራከረን የነበረው፣ በዓመቱ የደንበኞች ሐሳብ መቀበያ ከፈተ። በአምስት ዓመት ከ150,000 በላይ ሐሳብ ደርሶት 277ቱን ሥራ ላይ እንዳዋለ በገዛ አፉ ተናገረ። ምን ነካው? ቁጥር ከሰጡት የስድስተኛ ክፍል ተማሪም አካፍሎ «ከአምስት መቶ አንዱም አልሞላ» ይላል። የእኛዎቹ «በርካታ ሐሳቦች ተሰብስበው አብዛኞቹ ምላሽ አግኝተዋል» ብለው ያልፋሉ። በርካታን ማን ያካፍለዋል?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ማጣራቱ ራሱ ቀለለ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከሳይንት የሚጽፍ ጠፋ። ቅሬታ ያላቀረበ ደንበኛ የረካ ደንበኛ ከሆነ፣ የደቡብ ወሎ ምዕራብ ደጋ ያኔ ከአገሪቱ ሁሉ በእርካታ አንደኛ ነበር ማለት ነው። የእርካታ መጠይቁ እንደሆን በቴሌግራም ተለቋል፤ ሊንኩን ያልነካ ራሱን ይውቀስ።