ትጥቁ ሲሟላ እንወጣለን

የአዲስ አበባ ካምፕ ወዳድ ሁለት ወገን ነው፤ ተራራ የሚወጣና ዕቃ የሚገዛ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ አላፍርበትም። ተራራ መውጣትማ ፍየልም ትወጣለች። «ቅዳሜ አንኮበር እንደር» ከተባለበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ንጋት ያለውን ደስታ ግን ገዢ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ምናለሽ ተራ ወርጄ ከአሮጌ በርሜል የተቀጠቀጠ ምድጃ አማርጣለሁ። ከዚያ ወደ ሳልባጅ እሻገራለሁ። ባለፈው አንድ የተራራ ቡት ስለካ ሻጩ «ኦርጅናል ነው፤ ጀርመን ያደረገው ነው» አለኝ። ጀርመኑን ባላውቀውም እግሩ ከእኔ በሁለት ቁጥር ይበልጣል። «ታዲያ ብርድ አገር አይደል የምትሄደው? ካልሲ ትደርብበታለህ!» አለና አስያዘኝ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በእሷ ብርድ ከሻጭ ጋር ክርክር አይገጠምም።

መርካቶ የሌለውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያሟላል። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ልትመጣ መሆኑን እንደሰማሁ ደወልኩላት።

«ሁለት ሻንጣ ነው የተፈቀደልኝ፤ 23፣ 23 ኪሎ። እማዬ ሻምፑና ቫይታሚን ብላኛለች። አንተስ ምን ላምጣልህ?»

«መጥረቢያ።»

ዝም አለች። «ለምንህ?»

«ለጫካ።»

«የምን ጫካ?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ በግና ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ከደጃፉ ሆኖ ያያችኋል። እውነተኛ ጫካ ያማረው ወፍ ዋሻ ይሂድ፤ ጽዱ ሰማይ ጠቀስ ነው፤ ነገር ግን ጥብቅ ደን ስለሆነ መጥረቢያ ተሸክሞ የመጣን እንግዳ በደግ ዓይን የሚያየው የለም። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን እንድንተክል የፈቀዱልንን አባት «ጋሼ፣ እዚህ እንጨት ከየት ነው የሚገኘው?» ብላቸው፣ «ገበያ ይሸጣል» አሉኝ።

ከመጥረቢያው ጋር የመጣች አንዲት አጭር ዘንግም አለችኝ፤ በቢላ ጀርባ ሲፍቋት የእሳት ፍንጣሪ ትረጫለች። ዝናብ አይበግራትም ይላል ማሸጊያው። የማሸጊያው ጸሐፊ የአንኮበርን ጉም አያውቀውም። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሽቅብ ሲመጣ ጋቢም ጢምም ያረጥባል። ተንበርክኬ ፋቅሁ። ፍንጣሪው ኩበቱ ላይ ያርፍና እዚያው ይጠፋል። ጋሼ በጋቢያቸው ተጀቡነው ያዩኛል።

«ቢላ ነው የምትስለው፣ የኔ ልጅ?»

«እሳት እያቀጣጠልኩ ነው ጋሼ።»

«እህ።» ትንሽ ቆዩና ወደ ቤት ዞረው ልጃቸውን ጠሩ። «ኧረ እነዚህን እንግዶች ብርድ ሊገድላቸው ነው፤ ሮጠሽ ከጎረቤት እሳት ጫሪላቸው!»

ልጅቷ በገል ፍም ይዛ ስትመለስ እኔ መመሪያውን እያነበብኩ ነበር።

በዚህ የሚስቅብኝ ካለ የአንኮበርን ታሪክ አያውቅም። ይህ ኮረብታ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ሰው ለምዷል። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. በረሃውን አቋርጦ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ግመሎቹ ከተሸከሙት ስጦታ ውስጥ 300 ጠመንጃ፣ መድፍና ሙዚቃ የሚጫወቱ ሣጥኖች ነበሩ። የእኔ መጥረቢያ ሁለት ኪሎ አይሞላም።

የባሰበት ደግሞ ፈረንሳዊው ራምቦ ነው። ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ዕቃ ገባ። ሁለት ሺህ ገደማ ያረጀ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ወደብ ላይ ወራት ተቀመጠ፤ ሸሪኩ ላባቱ በመሀል ታሞ ሞተ። አራት ወር ያህል ተጉዞ በ1887 እ.ኤ.አ. የካቲት ውስጥ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም። እንጦጦ ድረስ ሄዶ ካሰበው ባነሰ ዋጋ ሸጠ፤ ከዚያም ላይ የላባቱ አበዳሪዎች ተቀራመቱት። እኔ በቡት ቁጥር ብቻ ነው የተቸገርኩት።

ዛሬ በግመሉ ፈንታ ላንድክሩዘር ነው የሚመጣው፤ የሚወርዱትም ወፍ ተመልካቾች ናቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. እዚህ አካባቢ የተገኘችውንና ሳይንስ እስከዚያ ድረስ የማያውቃትን አንኮበር ሴሪን ሊያዩ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ቴሌስኮፕ ገደል አፍ ላይ ተተከለ፤ ተራ ተይዞ ታየ። ወፊቱ ዝንጉርጉር ቡናማ ናት፤ ላላወቀ ሰው ድንቢጥ ናት። አጠገባችን የቆመው እረኛ ያለ መነፅር ቀድሞን አይቷታል። «ይቺ ናት እንዴ?» አለና ፊቱን መለሰ፤ የእሱ ሥጋት ጭላዳው ገብሱን እንዳይበላበት ነው።

ምክር የሚፈልግ ካለ፣ የግንባር ባትሪ ግዙ፤ የሌሊቱ ጨለማ ቀልድ አያውቅም። ስለ መኝታ ከረጢት ዘመድ አታስጨንቁ፤ የመንዝ በርኖስ ከጋቢ ጋር ይበቃል። ስንቁ በሶና ቆሎ ይሁን። መጥረቢያ ለሚለው የእኔን አውሰዋለሁ፤ ስለቱ እንደመጣ ነው። እኔ በበኩሌ ትጥቄ ሊሟላ ምንም አልቀረውም፤ በሚቀጥለው ወር ወደ አንኮበር የምትወጡ ካላችሁ አንድ ወንበር ያዙልኝ። ለዕቃው ደግሞ ሁለት።